ከዝርዝሩ የቀረው የረጋ ወተት

የዌልኮት ከተማ ሰው ስለ ሦስት ነገር አፉን አይከፍትም፤ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሕመሙና ስለ ሽንት ቤቱ። ሲሪል ታፕሴል ግን ደመወዝ የሚበላው በሦስተኛው ነበር። የወረዳው ምክር ቤት ሳኒታሪያን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጓሮ ሲፈትሽ፣ የሥጋ ቤት ጠረጴዛ በጣቱ ሲዳብስ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን እያነሣ ሲያጎነብስ ኖሯል። መንገድ ላይ ባርኔጣ ያነሡለታል፤ ደጃቸው ሲቆም ግን ፊታቸው ይጠቁራል። እሱም ለምዶታል።

አንዲት ሚዛን ነበረችው፤ በማንም መጽሐፍ ያልተጻፈች፣ ከልጅነቱ የያዛት። ቤት የሚታወቀው በደጃፉ ደረጃ ነው ይል ነበር። እመቤቲቱ በየጠዋቱ ተንበርክካ ደረጃዋን በድንጋይ ፍቃ ካነጣችው፣ ያ ቤት ንጹሕ ነው፤ ውስጥ መግባትም አያስፈልግም። ሚዛኗ የረባች አልነበረችም። ግን ዌልኮት በሙሉ የሚመዝነው በሷ ስለነበር ማንም አልታዘበውም።

ከሁሉ የነጣችው ደረጃ ደግሞ የቸስትነት ጎዳና ቁጥር አሥራ አንድ ናት፤ የራሱ ቤት። የምትፍቃት ታላቅ እህቱ ሚስ ኢኒድ ነበረች። እናታቸው ስትሞት እሱ የአምስት ዓመት ሕፃን፣ እሷ የአሥራ ሰባት ዓመት ኮረዳ ነበሩ። እንደ እናት ሆና አሳደገችው። እሷም ባል ሳታገባ፣ እሱም ሚስት ሳያገባ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ሸበቱ። ሳሙና ምን እንደሆነ የተማረው ከኮሌጅ ሳይሆን ከእሷ እጅ ነው።

ኢኒድ በሰፈሩ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በደረጃዋና በረጋ ወተቷ። ወተቱን ለብ ታደርግና ስኳር ጨምራ፣ ማርጊያ ጠብ አድርጋበት፣ ከላይ ገውዝ ፈቅፍቃ ጓዳ ታስቀምጠዋለች። እንደ እርጎ ይረጋል፤ ግን ጣፋጭ ነው፣ ሕመምተኛም ይወርድለታል። ምሥጢሩ ያለው ከሙቀቱ ላይ ነው፤ ከሰው ገላ መብለጥም ማነስም የለበትም። ኢኒድ በመለኪያ አትለካም። ትንሿን ጣቷን ወተቱ ውስጥ ነከር ታደርጋለች፣ ታውቀዋለች።

ጦርነቱ ካበቃ አምስት ዓመት ቢሆነውም ስኳር ገና በኩፖን ነበር። ኢኒድ የራሷን ሻይ መራራውን እየጠጣች ለሰው ታጠራቅማለች። የታመመ ካለ፣ የወለደች ካለች፣ ሐዘን የገባበት ቤት ካለ፣ ነጭ ጎድጓዳ ሳህኗን በፎጣ ሸፍና ትሄዳለች። በባዶ እጇ የሰው ደጅ ረግጣ አታውቅም።

እንዲህ እያለ በሐምሌ ታይፎይድ ገባ። መጀመሪያ የቤተ ጸሎቱ ኦርጋን መቺ አልጋ ያዘ፤ ቀጥሎ ሁለት እህትማማቾች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ታማሚው ዘጠኝ ደረሰ። ስምንቱ ደረጃቸው ከነጣ ቤቶች ናቸው። ዘጠነኛዋ ከካምፑ ነበረች፤ ጁን ፐርቪስ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ። ስምንቱ ዳኑ። ጁን ሞተች።

ካምፑ ከከተማዋ ጫፍ ወታደሮች ጥለውት የሄዱት የቆርቆሮ ጎጆ ሰፈር ነው። ቤታቸው በቦምብ የፈረሰባቸው ሠላሳ አባወራዎች ገብተውበታል፤ ለሁሉም ያለው አንድ ቧንቧ ነው። እዚያ የሚፋቅ ደረጃ የለም፣ ያለው ጭቃ ነው። ስለዚህ ዌልኮት በሽታው ከየት እንደመጣ ለማወቅ አልተቸገረም። የምክር ቤቱ አባል ሚስተር ስታንብሪጅ ካምፑ ይነሣ ብሎ ለጋዜጣ ጻፈ። ሰዎቹ ወዴት እንደሚነሡ ግን አልጻፈም።

ሲሪልም የድርሻውን ሠራ። ስምንቱ ታማሚዎች በሰኔ መጨረሻ የቤተ ጸሎቱ የሻይ ግብዣ ላይ እንደነበሩ ስላወቀ፣ እዚያ የተበላውን ሁሉ በዝርዝር ጻፈ፤ ሳንድዊች፣ የታሸገ ዓሣ፣ ኬክ፣ አይስክሬም። አይስክሬም ሻጩን ምስኪን ሦስት ቀን አላስተኛውም። የኢኒድ የረጋ ወተት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ሊደብቀው ብሎ አይደለም። ሳህኖቹን ተሸክሞ ግብዣው ቦታ ያደረሳቸው እሱ ራሱ ነው፤ የማን እጅ እንደሠራው የሚያውቀውን ነገር ተጠርጣሪ ብሎ መጻፍ በሐሳቡ እንኳ አልመጣም። የታመሙትም አላነሡበትም። የሚስ ታፕሴልን እጅ በወንድሟ ፊት መጠርጠር ነውር ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ጁን በተቀበረች በአራተኛው ቀን ካምፑ ሄደ። ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ቧንቧው ጋ ተሰልፈው ነበር።

«ሚስስ ፐርቪስ የቷ ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች አንዲት ቀጭን ሴት።

«ልጅሽን ከማብላትሽ በፊት እጅሽን ትታጠቢ ነበር?»

«እታጠብ ነበር ጌታዬ።»

«በሳሙና?»

«ሳሙና ሲኖር።»

«ሳሙና ሲኖር» ብሎ ደገመው፣ የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማ። «ይኸውላችሁ! ይህ በሽታ ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚሄደው። ልጅን የሚገድለው የእናት እጅ ነው።»

«ሳሙናውንስ ይዘህ መጥተሃል ወይስ ስብከቱን ብቻ ነው?» አለች ከሰልፉ መሐል አንዲት አሮጊት።

ይዞ መጥቷል። ቀዩን የመድኃኒት ሳሙና ለየጎጆው አንድ አንድ አደለ። ሊሄድ ሲል ሚስስ ፐርቪስ ከኋላው ደረሰችበት፤ በእጇ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች።

«የእህትዎ ናት» አለችው። «ጁን ኩፍኝ ይዟት ሳለ አምጥተውላት ነበር። ሌላው ሁሉ አልወርድ ሲላት እሱን ብቻ ነው የበላችው። ሳህኑን ሳይቀር ላሰችው። አመሰግናለሁ ይበሉልኝ።»

ሳህኗን ይዞ ቤቱ ገባ። ኢኒድ አገላብጣ አየቻትና «ምስኪን፣ በሐዘኗ መሐል እንዴት አድርጋ አጥባታለች» አለች፤ መደርደሪያው ላይ መለሰቻት። ሲሪል እዚያው ቆሞ ነበር፤ እዚያው ቆሞ ምንም አልታየውም። የሚፈርድበት ይፍረድበት፤ ሰው የራሱን ጀርባ አያይም።

ነገሩን ያዞረው የወረዳው የጤና ሹም ዶክተር ፕሮዘሮ ነው። ዌልሳዊ ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም። «ሰው ይዋሻል፣ ወይ ይረሳል» አለ። «ቱቦ ግን አይዋሽም። ፋሻ እንስቀል።» ሥራው እንዲህ ነው፤ ፋሻ ጠቅልለው በሽቦ ያስሩና ከመንገድ በታች ፍሳሹ የሚያልፍበት ላይ ሦስት ቀን ያንጠለጥሉታል። ከዚያ በጠርሙስ ወደ ላቦራቶሪ ይልኩታል። ፋሻው ጀርሙን ከያዘ፣ የበሽታው ቤት ያለው ከዚያ በላይ ነው። ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ይወጣሉ፣ እንደገና ይሰቅላሉ።

ሲሪል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፋሻዎች የሰቀለው የካምፑ ቱቦና የከተማው ቱቦ ከሚገናኙበት ላይ ነው። መልሱን ሳይጠብቅም የሚያውቀው መስሎት ነበር። የካምፑ ፋሻ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ተሳስተው ይሆናል ብሎ ደገመ፤ ደግሞም ንጹሕ ነው። ጀርሙ የነበረው ከከተማው በመጣው ላይ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህኛው እውነት የጠራው በጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ በጣቢያ መንገድ አድርጎ፣ ቤተ ጸሎቱን አልፎ፣ ወደ ግራ ታጥፎ። ሲሪል በየጉድጓዱ ባጎነበሰ ቁጥር ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ነበር የሚከተለው። በነሐሴ አጋማሽ ቸስትነት ጎዳና ደረሰ። የቀሩት በጓሮ በኩል አንድ ቱቦ የሚጋሩ ሦስት ቤቶች ናቸው።

«ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ» አለ ዶክተሩ ካርታውን እያየ። «አሥራ አንድ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ሲሪል።

ዶክተሩ ካርታውን አጠፈው። «እንግዲህ ከሦስቱም ቤት የዓይነ ምድር ናሙና ያስፈልገናል» አለ።

ለጎረቤቶቹ ብልቃጡን ራሱ አደረሰ። የቁጥር ሰባቱ ጡረተኛ በሁለት ጣቱ ይዞ «አራት ዓመት ለንጉሥ ዘምቻለሁ» አለው፤ «ይህን ያህል ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።» ለእህቱ ግን እንዴት ይንገራት? አርባ ዓመት በአንድ ቤት ሲኖሩ ያቺ ቃል በመካከላቸው ተነሥታ አታውቅም። ሁለት ቀን አሰበበት። በመጨረሻ እንደ እሱ ያለ ሰው ብቻ የሚያደርገውን አደረገ፤ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ደብዳቤ አስተይቦ በፖስታ ላከላት።

ደብዳቤው ቁርስ ላይ ደረሰ። እሱ ዳቦውን ማርማላታ እየቀባ ነበር።

«ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ መጥቶልኛል» አለች ኢኒድ።

«አውቃለሁ።»

«ክብርት እመቤት ሆይ ይላል።»

«ፎርሙ ነው እትዬ። ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

«ቴምብር ለጥፈህ ከዚህ ቤት ወደዚህ ቤት ላክኸው?»

«የመሥሪያ ቤት ቴምብር ነው።»

እስከ መጨረሻው አነበበችው። ጆሮዋ ቀላ። «የቁርስ ሰዓት ወሬ አይደለም» አለችና አጥፋ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይታ ደግማ ገለጠችው። «እዚህ ጋ ጥያቄ አለው። ከዚህ በፊት በዚህ በሽታ ታመው ያውቃሉ ወይ ይላል።»

«እሱን አላውቅም ብለሽ ሙዪው።»

«እንዴት ብዬ?»

ሲሪል ቀና ብሎ አያት።

«እናታችን የሞተችው በልብ ሕመም አይደለም» አለች። «ተስቦ ነው። ይኸው፣ ያንተ ታይፎይድ። እኔም ስድስት ሳምንት ተኝቼ ጸጉሬ ሁሉ ረግፎ ነበር። አንተን አጎታችን ዘንድ ሰደዱህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አክስታችን ናት። ጎረቤት ቆሻሻ ቤት ነው ይለናል፣ ልብ ነው በሉ አለች። አልን። እኔም ከአልጋ እንደተነሣሁ ደረጃውን መፋቅ ጀመርኩ።»

«አርባ አንድ ዓመት ሙሉ! እትዬ፣ በሽታ እኮ ነው፣ ነውር አይደለም። ጀርም ነው።»

«አሁን ነው ጀርም የሆነው። ያኔ ቆሻሻ ነበር።» ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። «አንተስ ብትሆን ለካምፑ ሰዎች ምን ነበር ያልካቸው?»

ሲሪል ዳቦውን አስቀምጦ ተነሣ። በማግሥቱ ጠዋት ብልቃጡን በሦስት እጥፍ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ ከባርኔጣው አጠገብ ተቀምጦ አገኘው።

ውጤቱ በነሐሴ የመጨረሻው ሐሙስ መጣ፤ ምክር ቤቱ ማታ ስለ ካምፑ መነሣት ድምፅ ሊሰጥ በተቀጠረበት ቀን። ዶክተሩ ወደ ቢሮው አስጠራውና በሩን ዘጋ።

«እህትህ ናት» አለ። «አዝናለሁ ሲሪል። ጀርሙ ሐሞቷ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። እሷን አያማትም፤ የሚያመው የምታቀርበውን የሚበላውን ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለሰው የሚቀርብ ምግብ መንካት የለባትም።»

«ማታ ድምፅ ይሰጣል።»

«አውቃለሁ። የእኔ ሪፖርት የሚቀርበው በመስከረሙ ስብሰባ ነው። ላጣድፈው እችላለሁ፤ እንዳለ ብተወውም የሚጠይቀኝ የለም። ያኔም ቢሆን አንዲት ሴት እንላለን እንጂ ስም አንጽፍም። አስብበት። ያሳደገችህ ናት።»

ሲሪል በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ መንገድ ቀለል ብሎት ነው የሄደው። ማታ እጅ ይወጣል፣ በሁለት ሳምንት ሠላሳው አባወራ በጭነት መኪና ተጭኖ ይበተናል። ከዚያ በኋላ በሽታው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። የኢኒድም ስም እንደ ደረጃዋ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛውን ግማሽ መንገድ ግን ያቺ ሴት ሳህን ይዛ ከኋላው ስትሮጥ እየታየችው ሄደ። በራሱ አፈረ።

ወጥ ቤት ሲገባ ኢኒድ ወተት ለብ አድርጋ ትንሿን ጣቷን ልትነክር ነበር።

«ተይው!» ብሎ ጮኸ።

በሕይወቱ ጮኾባት አያውቅም። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ፊቱን አየች፣ ከዚያ ጣቷን አየች።

«ለቁጥር ሰባቱ ጡረተኛ ሚስት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጉንፋን ይዟት።» ወተቱን አንሥታ ገንዳው ውስጥ ደፋችው። የሳምንት ስኳሯ ገብቶበት ነበር። «የቤተ ጸሎቱ ሰዎችም ከእኔ ነው?»

«አዎ።»

«ልጅቷስ?»

የሲሪል ዓይን መደርደሪያው ላይ ወዳለችው ሳህን ሄደ። ኢኒድ ዓይኑን ተከትላ አየች። የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች። 

«ዶክተሩ ሪፖርቱ እስከ መስከረም ሊቆይ ይችላል ብሏል» አለ ሲሪል ቶሎ ቶሎ። «ስምሽም አይነሣም።»

«ሚስስ ፐርቪስስ ወዴት ትሄዳለች?»

«አላውቅም።»

«ባርኔጣዬን አምጣልኝ» አለች።

ሊወጡ ሲሉ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ጓዳው በር ሄደ። መያዣውን ሳይነካ ተመለሰ። ጓንቷን አጠለቀችና በባዶ እጇ ወጣች።

ከሚስስ ፐርቪስ ጎጆ ደጃፍ ጭቃው ላይ የሳጥን ጣውላ ተነጥፏል። ጣውላው ተፍቆ ነጥቷል። በሩ ሲከፈት የመድኃኒት ሳሙና ሽታ ወጣ፤ ወለሉ፣ ወንበሩ፣ የልጅቷ ባዶ አልጋ ሳይቀር ታጥቧል። የሴትዮዋ እጅ እስከ ክርኗ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል።

«ይግቡ ሚስ ታፕሴል፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም» አለች ኢኒድ። «ልጅዎን የገደላት ያመጣሁላት የረጋ ወተት ነው፣ ሚስስ ፐርቪስ። በሽታው እኔ ውስጥ ነው የሚኖረው። አላውቅም ነበር። ማወቅ ግን እችል ነበር፤ ታምሜ ነበር፣ ደብቄው ነው። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሚስስ ፐርቪስ ኢኒድን አላየቻትም። የራሷን እጅ ነው ያየችው፤ አንዴ መዳፉን፣ አንዴ ጀርባውን።

«የእኔ እጅ አልነበረም?» አለች።

«አልነበረም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነን» አለ ሲሪል።

«እርስዎን አልጠየቅሁም።»

«እርግጠኛ ነኝ» አለች ኢኒድ።

ያኔ ሚስስ ፐርቪስ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሰችም ብሎ ዌልኮት አምቷት ነበር። ሁለቱ ቆመው ጠበቁ። ፊቷን በክንዷ ስትጠርግ ቁስሉ አቃጠላት መሰለኝ ተኮማተረች።

«ጁን ይህን ማን ሠራው ብላ ጠይቃኝ ነበር» አለች ለኢኒድ። «ደግ ሴት ናት አልኳት። ያን ያልኳትን አሁን ምን ላድርገው?»

«አላውቅም» አለች ኢኒድ። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ መጠየቁ ራሱ ሌላ ሸክም መጣል መስሎ ታያት።

ሚስስ ፐርቪስ ወደ ሲሪል ዞረች። «እርስዎ የነገሩኝ ቧንቧው ጋ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው።»

ውኃ የሚቀዳበት ሰዓት ነበር። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው እንደዚያን ቀን ተሰልፈዋል። ሲሪል ሄዶ ከፊታቸው ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንድ ነገር ተናገረ።

«አልሰማንም» አለች ያቺ አሮጊት። «ያን ቀን እንኳ ድምፅህ ደኅና ነበር።»

«የሚስስ ፐርቪስ እጅ ንጹሕ ነበር» አለ ሲሪል ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በሽታው ከካምፑ አልወጣም። ከቸስትነት ጎዳና ቁጥር አሥራ አንድ ነው የወጣው፣ ከእኔ ቤት። እኔ ራሴን መጠየቅ ሲገባኝ ልጇን ያጣችውን እናት ከሰስኩ። ማታ ምክር ቤቱ ፊትም ይህንኑ እላለሁ።»

የአንዷ ባልዲ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ አሮጊቷ እጇን ሰዳ ቧንቧውን ዘጋችው። ኢኒድ ጓንቷን እንዳጠለቀች ከኋላው ቆማለች፤ ሰው ሁሉ ያያታል፣ እሷም አላቀረቀረችም።

ሚስስ ፐርቪስ ከጎጆዋ ወጥታ በመካከላቸው አልፋ መጣች። ከዚያ ትልቅ ቀይ ሳሙና የቀረችውን፣ እንደ ቅጠል የሳሳችውን ቁራጭ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይውሰዱት» አለችው። «ሳሙናዎ ነው።»

ሲሪል እስከ ምክር ቤቱ በር ድረስ በእጁ እንደያዛት ሄደ።